ክብደት ለመቀነስ የሚወሰዱ አነቃቂ መድኃኒቶችና ከጫት ጋር ያላቸው ዝምድና

በአገራችን የሰውነት መወፈር ለረጅም ዘመን የጤንነትና የምቾት ምልክት ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። ከብዙ ጊዜ በኋላ የተገናኙ ሰዎች «ወፈር ብለሻል፣ አገሩ ተስማምቶሻል» ሲባባሉ ቃሉ ሙገሳ እንጂ ነቀፌታ አልነበረም። ይህ አመለካከት በተለይ በከተሞች እየተለወጠ መጥቷል። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች እንደሚያሳዩት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነ ሴቶች መካከል ክብደታቸው ከሚገባው በላይ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2000 3 በመቶ ሲሆኑ በ2016 ወደ 8 በመቶ ደርሰዋል። ቁጥሩ ከሌሎች አገሮች ጋር ሲነጻጸር ገና ዝቅተኛ ነው። ይሁን እንጂ ክብደትን በአቋራጭ የመቀነስ ፍላጎት ከክብደቱ ፈጥኖ ይስፋፋል፤ ኪኒን የሚፈልገው ሰው ሁልጊዜ ኪኒን የሚያስፈልገው ሰው አይደለምና።

ከእነዚህ ኪኒኖች መካከል በዕድሜ አንጋፋዎቹ የአምፌታሚን ዘመዶች የሆኑት አነቃቂ መድኃኒቶች ናቸው። ፌንተርሚን፣ አምፌፕራሞን (በሌላ ስሙ ዳይኢቲልፕሮፒዮን)፣ ፌንዲሜትራዚንና ቤንዝፌታሚን በዚህ ክፍል ይመደባሉ። ፌንተርሚን በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1959 ከተፈቀደ ጀምሮ እስከ ዛሬ በሐኪም ማዘዣ ይሸጣል። በቅርብ ዓመታት ስማቸው የገነነው እንደ ሴማግሉታይድ ያሉ በመርፌ የሚሰጡ መድኃኒቶች ግን አሠራራቸው ፈጽሞ የተለየ በመሆኑ በዚህ ጽሑፍ አይካተቱም።

ጉዳዩ የአዲስ አበባ ወይም የውጭ አገር ነው ተብሎ የሚተው አይደለም። የምንጃር ሸንኮራ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው አረርቲ በጤፏና በሽምብራዋ የምትታወቅ፣ ነጋዴና ሾፌር የሚመላለስባት ከተማ ናት። ከዚህም ሌላ ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል ከልዩ ልዩ አካባቢ የሚመጡ ምእመናን በወረዳው ይሰነብታሉ። በመሆኑም የአካባቢው የጤና ባለሙያ ራሱ ያላዘዘውን፣ በአቅራቢያው ባለ መድኃኒት ቤት የማይገኝን፣ ምናልባትም በዘመድ ሻንጣ የመጣን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሊገጥመው ይችላል። የመድኃኒቱን ስም ባያውቀውም ጠባዩን ግን ያውቀዋል፤ ምክንያቱም የቅርብ ዘመዱን በየቀኑ ያያል። ይህም ዘመድ ጫት ነው።

የአንድ ቤተሰብ ልጆች

በጫት ቅጠል ውስጥ ያለው ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል። ይህ ንጥረ ነገር በተባበሩት መንግሥታት የናርኮቲክ ቤተ ሙከራ ከለጋ ቅጠል ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ከዚያ በፊት ለብዙ ዓሥርት ዓመታት የጫት ኃይል የሚመነጨው ካቲን ከተባለው ደካማ ንጥረ ነገር ብቻ እንደሆነ ይታመን ነበር። ለስሕተቱ ምክንያት የሆነው ተመራማሪዎቹ የመረመሩት በጉዞ የደረቀ ቅጠል መሆኑ ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖን ወደ ካቲንና ወደ ኖርኤፌድሪን ይለወጣል። የጫት ተጠቃሚ ትኩስ ቅጠል ፍለጋ የሚሽቀዳደመው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ኬሚስቶች ዘግይተው የደረሱበትን እርሱ ከጥንት ጀምሮ ያውቀው ነበር ማለት ይቻላል።

ካቲኖን ከአምፌታሚን የሚለየው በጎን ሰንሰለቱ ላይ አንድ ኦክስጅን በመያዙ ብቻ ነው። አምፌፕራሞን ደግሞ ካቲኖን ራሱ ሆኖ በናይትሮጂኑ ላይ ሁለት የኢቲል ቅንጣቶች የተጨመሩበት ነው። በሌላ አነጋገር በአውሮፓ ፋርማሲዎች ለዓመታት ለክብደት መቀነሻ ሲሸጥ የኖረው ኪኒን በፋብሪካ የተለወጠ የጫት ንጥረ ነገር ነው። ካቲንም ቢሆን በአንዳንድ አገሮች የምግብ ፍላጎት መቀነሻ ተብሎ በኪኒን መልክ ተሸጧል። ፌኒልፕሮፓኖላሚን የሚባለውና በአሜሪካ ያለ ሐኪም ማዘዣ እንደ ልብ ይገዛ የነበረው የጉንፋንና የክብደት መድኃኒት ከኖርኤፌድሪን ጋር አንድ ዓይነት ኬሚካል ነው። እንግዲህ አንድ የጫት ቅጠል በውስጡ የያዛቸው ሦስቱ ዋና ዋና ንጥረ ነገሮች፣ በራሳቸው ወይም በጥቂት ለውጥ፣ የክብደት መቀነሻ ሆነው ገበያ ወጥተዋል።

ሁሉም የሚሠሩት በተመሳሳይ መንገድ ነው። ከነርቭ ጫፎች ኖርአድሬናሊንና ዶፓሚን እንዲለቀቁ ያደርጋሉ። በአንጎል ውስጥ ሃይፖታላመስ በተባለው ክፍል ይህ ሲሆን ረኃብ ይጠፋል፤ ጫት የቃመ ሰው እራቱን ሳይበላ የሚያድረው በዚህ የተነሳ ነው። ነገር ግን ያው ኖርአድሬናሊን ልብንና የደም ሥሮችንም ያገኛል። የልብ ምት ይፈጥናል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ አፍ ይደርቃል፣ የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ሆድ ይደርቃል፣ እንቅልፍ ይሸሻል። የሚፈለገውን ውጤት ከማይፈለገው ነጥሎ መውሰድ አይቻልም፤ ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ይፈልቃሉና።

ጥቅሙ ምን ያህል ነው? እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የብዙ ጥናቶች ግምገማ እንዳሳየው በፌንተርሚን የታከሙ ሰዎች ባዶ ኪኒን ከወሰዱት ይልቅ በአማካይ 3.6 ኪሎ ግራም፣ በአምፌፕራሞን የታከሙት ደግሞ 3 ኪሎ ግራም ያህል ተጨማሪ ክብደት ቀንሰዋል። ይህም ከምግብ ቁጥጥርና ከእንቅስቃሴ ጋር ተዳምሮ ነው። ሰውነት መድኃኒቱን በሳምንታት ውስጥ ስለሚለምደው የምግብ ፍላጎት ይመለሳል። ያን ጊዜ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ማቆም ወይም መጠኑን መጨመር። ሱስ የሚጀምረው ከሁለተኛው ነው።

ከገበያ የወጡት መድኃኒቶች ያስተማሩት

የዚህ የመድኃኒት ቤተሰብ ታሪክ በአብዛኛው የመታገድ ታሪክ ነው። አሚኖሬክስ እ.ኤ.አ. በ1965 በስዊዘርላንድ፣ በኦስትሪያና በምዕራብ ጀርመን ገበያ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ የሳንባ ደም ወሳጅ ቧንቧ ግፊት የያዛቸው ሕመምተኞች ቁጥር በእነዚሁ አገሮች 10 እጥፍና ከዚያም በላይ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቱ በ1968 ተሰበሰበ። ይህ ሕመም ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው፤ ሰውየው በመጀመሪያ ዳገት ሲወጣ ይደክመዋል፣ ቀጥሎ በሜዳ፣ በመጨረሻም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ያጥረዋል። መድኃኒቱ ቢቆምም የተጎዳው የሳንባ ደም ሥር ብዙ ጊዜ ወደ ቦታው አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት የምግብ ፍላጎት መቀነሻ የወሰዱ ሰዎች ለዚህ በሽታ ያላቸው ተጋላጭነት ካልወሰዱት በ6 እጥፍ፣ ከ3 ወር በላይ የወሰዱት ደግሞ ከ20 እጥፍ በላይ መሆኑን አመልክቷል። በዚያ ጥናት አብዛኞቹ የወሰዱት የፌንፍሉራሚን ዓይነቶችን ነበር።

ፌንፍሉራሚን ከፌንተርሚን ጋር ተደምሮ በአሜሪካ በሰፊው ይታዘዝ በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ሁለቱን አብረው የወሰዱ 24 ሴቶች ያልተለመደ የልብ ቫልቭ ጉዳት እንደተገኘባቸው በሕክምና መጽሔት ታተመ። በዚያው ዓመት መስከረም ወር ፌንፍሉራሚንና ዴክስፌንፍሉራሚን ከገበያ ወጡ። ለቫልቩ ጉዳት ተጠያቂው በሴሮቶኒን በኩል የሚሠራው ፌንፍሉራሚን እንደሆነ ስለታመነበት ፌንተርሚን በገበያ ቀርቷል። በፈረንሳይ ቤንፍሉዎሬክስ የተባለው የዚሁ ቤተሰብ አባል ለስኳር ሕመምተኞች በሚል ፈቃድ፣ በተግባር ግን ለብዙዎች የክብደት መቀነሻ ሆኖ እስከ 2009 ድረስ ተሸጠ። የሳንባ ሐኪሟ ኢሬን ፍራሾን ባደረገችው ጥረት ጉዳቱ ለሕዝብ ተገልጾ አምራቹ ሰርቪዬ በ2021 በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብሏል።

ፌኒልፕሮፓኖላሚን እ.ኤ.አ. በ2000 ከገበያ እንዲወጣ የተደረገው በአንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ በማስከተሉ ነው። በጉዳዩ ላይ የተደረገው ጥናት መድኃኒቱን ለክብደት መቀነሻ የወሰዱ ሴቶች ተጋላጭነት 16 እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ሲቡትራሚንም 9,804 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት የልብ ሕመምና ስትሮክ ከ10 በመቶ ወደ 11.4 በመቶ ከፍ ስላደረገ በ2010 በአውሮፓና በአሜሪካ ተሰብስቧል። የተሰበሰበ መድኃኒት ግን ሁልጊዜ አይጠፋም። ሲቡትራሚን «ከዕፅዋት ብቻ የተዘጋጀ» የሚል ጽሑፍ በተለጠፈባቸው የማቅጠኛ ሻይና ካፕሱሎች ውስጥ ተደብቆ በተለያዩ አገሮች በተደጋጋሚ ተይዟል። «የተፈጥሮ ነው» የሚለው ቃል ስለዚህ ለጤና ባለሙያው መተማመኛ ሊሆነው አይገባም። ጫትስ ቢሆን የተፈጥሮ አይደለምን?

በመጨረሻም የጫት የሥጋ ዘመድ የሆነው አምፌፕራሞን ተራው ደረሰ። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ አካል እ.ኤ.አ. በ2022 ፈቃዱ እንዲነሳ ወስኗል። ከምክንያቶቹ ዋነኛው ትኩረት የሚሻ ነው፤ መድኃኒቱ ከ3 ወር በላይ እንዳይወሰድ፣ ለልብ ሕመምተኛና ለነፍሰ ጡር እንዳይሰጥ የሚያዙት ገደቦች በተግባር አልተከበሩም፤ የሚያስከብር መንገድም አልተገኘም። የተደራጀ የመድኃኒት ቁጥጥር ባላቸው አገሮች ያልተከበረ ገደብ ከሻንጣ ወጥቶ ከእጅ ወደ እጅ በሚተላለፍ ኪኒን ላይ ይከበራል ብሎ መጠበቅ የሚቻል አይመስልም።

በእኛ አገር ልብ ላይ

የመድኃኒት መግለጫ ወረቀቶች የሚጻፉት በአብዛኛው የልብ ሕመም በሸመገሉ ሰዎች ላይ ለሚበዛባቸው አገሮች ነው። በኢትዮጵያ ሁኔታው ይለያል። በወጣቶቻችን ላይ ለሚታየው የልብ ሕመም ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ በልጅነት ከሚይዝ የጉሮሮ ሕመም የሚነሳው የሩማቲክ ቫልቭ በሽታ ነው። ብዙዎቹ ሕመምተኞች በሽታው እንዳለባቸው አያውቁም፤ አንዲት ሴት መታመሟ የሚታወቀው ስታረግዝ ወይም በሌላ ሕመም ምክንያት ልቧ ሲፈጥን ሊሆን ይችላል።

የሚትራል ቫልቯ የጠበበ ሴት ደም ከላይኛው የግራ ልብ ክፍል ወደ ታችኛው እንዲወርድ ጊዜ ያስፈልጋታል። ይህንን ጊዜ የምታገኘው ልቧ በሁለት ምቶች መካከል ዘና በሚልበት ቅጽበት ነው። አነቃቂ መድኃኒት ምቱን ከ75 ወደ 120 ሲያደርሰው የሚያጥረው በዋነኛነት ይኸው የማረፊያ ጊዜ ነው። ደሙ ወደ ኋላ ይጠራቀማል፣ በሳንባ ውስጥ ግፊቱ ይጨምራል፣ ሳንባዋ ውሃ ይቋጥራል። ለጤነኛ ሰው ልብ መምታት ብቻ ሆኖ የሚያልፈው ለእርሷ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። ሌላም ችግር አለ፤ በመድኃኒት የተጎዳ ቫልቭ በሚታይበት ጊዜ፣ በአገራችን የቫልቭ በሽታ ሁሉ የሩማቲክ ነው ተብሎ ስለሚገመት፣ መድኃኒቱን የሚጠረጥር አይኖርም።

በዚህ ላይ ጫት ሲጨመር ድርብ ጭነት ይሆናል። በየመንና በባሕረ ሰላጤው አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ጫት ቃሚዎች ለልብ ድካም አደጋ ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውንና በአደጋውም የሚሞቱት የበለጡ መሆናቸውን አሳይተዋል። ጠዋት ኪኒኗን በባዶ ሆድ ከቡና ጋር የዋጠች፣ ከሰዓት በኋላ ጫት የቃመች ሴት አንድ ዓይነት መድኃኒት ሁለት ጊዜ ወስዳለች ማለት ነው። ለጉንፋን ብላ ሱዶኤፌድሪን ያለበት ኪኒን ብትጨምር ሦስተኛ ይሆናል።

በምርመራ ክፍል

ለምሳሌ ያህል አንዲት የ26 ዓመት ወጣት ሠርጓ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት በአረርቲ ወደሚገኝ የተመላላሽ ሕክምና ክፍል መጥታ «ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍ አጣሁ፣ ከስቻለሁ» ብትል ባለሙያው የሚያስባቸው ነገሮች ብዙ ናቸው። የእንቅርት በሽታ፣ የደም ማነስ፣ ጭንቀት፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ ኤች አይ ቪ ሁሉም ተገቢ ጥርጣሬዎች ናቸው። ከእንቅርት መርዝ ለመለየት የሚረዳ አንድ ቀላል ነጥብ አለ፤ የእንቅርት ሆርሞን የበዛባት ሴት አብዛኛውን ጊዜ እየበላች ትከሳለች፣ አነቃቂ የምትወስደው ግን ምግብ ጠልታ ትከሳለች። የዓይኗ ብሌን መስፋትና የአፏ መድረቅም ይረዳል።

«መድኃኒት ትወስጃለሽ?» ለሚለው ጥያቄ የሚገኘው መልስ «አልወስድም» ሊሆን ይችላል፤ ማቅጠኛውን እንደ መድኃኒት አትቆጥረውምና። «እኅቴ፣ ሰውነትሽን ለመቀነስ ብለሽ የምትጠጪው ኪኒን፣ ሻይ ወይም ዱቄት አለ? ካለ ማሸጊያውን ብታመጪልኝ» ብሎ መጠየቅ የተሻለ ነው። ስለ ጫትም እንዲሁ። በአካባቢው ባለው የሃይማኖት ሥርዓት ጫት መቃም የሚያስነቅፍ በመሆኑ እናቷ ወይም እጮኛዋ ባሉበት የሚቀርብ ጥያቄ እውነተኛ መልስ አያገኝም። ለብቻዋ፣ ያለ ተግሣጽ ቃና መጠየቅ ይገባል። የእርግዝና ምርመራም አይዘንጋ።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው መሣሪያ በማንኛውም ጤና ጣቢያ ይገኛል፤ የደም ግፊት መለኪያ፣ ሰዓትና ማዳመጫ። በግራ ጎኗ አስተኝቶ በልቧ ጫፍ ላይ ማዳመጥ ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፤ ያልታወቀ የሚትራል ቫልቭ መጥበብ ሊገኝ የሚችለው በዚህ ነው። የልብ ድምፅ ጥርጣሬ ካለ፣ ወይም ትንፋሽ የሚያጥራት ከሆነ መድኃኒቱን አስቁሞ ለልብ አልትራሳውንድ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል መላክ ግዴታ ነው።

በከፍተኛ ሁኔታ ተነቃቅቶ፣ ልቡ በኃይል እየመታ፣ እየተንቀጠቀጠ ወይም ትኩሳት ይዞት ለመጣ ሰው የመጀመሪያው መድኃኒት ዳያዜፓም ነው፤ ለአዋቂ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም በደም ሥር ቀስ ብሎ ይሰጣል፣ አተነፋፈሱን እየተከታተሉ እንደ አስፈላጊነቱ ይደገማል። የደም ስኳር ይለካል፣ ትኩሳት ካለ ሰውነቱ በውሃ ይቀዘቅዛል፣ የሰውነቱ ውሃ ያነሰ ከሆነና ሳንባው ንጹሕ ከሆነ ግሉኮስ ወይም ሳላይን ይሰጠዋል። ልቡ ስለፈጠነ ብቻ ፕሮፕራኖሎል ለመስጠት መቸኮል አይገባም፤ የቤታ ተቀባዮች ብቻቸውን ሲዘጉ የደም ሥሮች ይበልጥ ሊኮማተሩና ግፊቱ ሊያሻቅብ ይችላል። ክሎርፕሮማዚንም የመንቀጥቀጥ አደጋን ስለሚጨምርና ሰውነት ሙቀት እንዳያስወጣ ስለሚያደርግ በመጀመሪያ ደረጃ አይመረጥም። የደረት ሕመም ካለ አስፕሪን ሰጥቶ፣ ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ወይም የአካል መስነፍ ካለ ግን አስፕሪን ሳይሰጡ ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ አዲስ አበባ በፍጥነት ማስተላለፍ ያስፈልጋል።

የአእምሮ መታወክና ጸበል

አነቃቂ መድኃኒት በብዛት ወይም ለረጅም ጊዜ የወሰደ፣ ለቀናት ያልተኛና ያልበላ ሰው መጠራጠር፣ ተከታተሉኝ ማለት፣ ድምፅ መስማት ሊጀምር ይችላል። ቤተሰብ ይህንን ሲያይ የሚወስደው ወደ ጸበል ሊሆን ይችላል፤ በምንጃር ሸንኮራ የሚሠራ ባለሙያም እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ የሚያገኘው ከዚያው ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ በቀረ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ይለቃል። ጸበልን ከሕክምና ጋር ማጣላት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ከአስታማሚው ጋር ተነጋግሮ ሦስት ነገሮችን ማረጋገጥ ነው፤ ኪኒኑና ጫቱ በእርግጥ መቅረታቸውን፣ ሕመምተኛው በጾም ምክንያት ውሃና ምግብ እንዳያጣ ማድረግን፣ ሌላ ለደም ግፊት ወይም ለሚጥል በሽታ የታዘዘ መድኃኒት ካለው እርሱ እንዳይቋረጥ ማድረግን። ምልክቱ ከ1 ወር በላይ ከቆየ ሌላ የአእምሮ ሕመም ስለሚያስጠረጥር ወደ ባለሙያ ይላካል።

መድኃኒቱን ያቆመች ሴት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ ትተኛለች፣ ብዙ ትበላለች፣ ይከፋታል። የቀነሰችው ክብደት ሲመለስ ኪኒኑ የጠቀማት፣ መተዉ የጎዳት ይመስላታል፤ ብዙዎች ወደ መድኃኒቱ የሚመለሱት በዚህ ጊዜ ነው። ይህ እንደሚመጣ አስቀድሞ ሊነገራት፣ በ1ና በ2 ሳምንት ውስጥ ለክትትል ልትቀጠርና ራሷን ለመጉዳት ማሰብ አለማሰቧ በግልጽ ልትጠየቅ ይገባል። ክብደቷ በእርግጥ ከመጠን በላይ ከሆነ ደግሞ ቁመቷንና ክብደቷን ለክቶ፣ ከጤፍ እንጀራና ከሽሮ ሳትለይ ስለ ዘይት፣ ስለ ስኳርና ስለ ለስላሳ መጠጥ መመካከር ይቻላል። ክብደቷ ጤናማ ከሆነ ይህንኑ በቁጥር ማሳየት ብዙ ጊዜ ከምክር ይበልጣል።

በማናቸውም መድኃኒት ወይም ማቅጠኛ የተጠረጠረ ጉዳት ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በቢጫው የጎንዮሽ ጉዳት ማሳወቂያ ቅጽ ወይም በነጻ የስልክ መስመር 8482 ሊገለጽ ይገባል። ለማሳወቅ ጉዳቱ በመድኃኒቱ መድረሱን ማረጋገጥ አያስፈልግም፤ ጥርጣሬው በቂ ነው። ማሸጊያው ላይ ያለው ስም፣ አምራቹ፣ የምድብ ቁጥሩና የተገኘበት ቦታ በቅጹ ላይ ይሞላሉ፤ ማሸጊያው በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ወይም ስም የሌለው ቢሆንም እንኳ የቀሩት ኪኒኖች ሳይጣሉ ከነማሸጊያቸው ይቀመጣሉ።